ካርቦኑ ሲጓጎል ውሃውን መርምሩ

ግራፊን ኦክሳይድ የሚባለው ስስ የካርቦን ቅንጣት በዲስትልድ ውሃ ውስጥ ለወራት ሳይዘቅጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚያው ብልቃጥ ቀድታችሁ ካልሲየምና ማግኒዢየም ከበዛበት (ጠጣር) የጉድጓድ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉት ግን ጠዋት የተበተነው ካርቦን ከምሳ በፊት ቡናማ ጓል ሠርቶ ከታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ቅንጣቱ አልተበላሸም፤ የተለወጠው ውሃው ነው። በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በቴክኒክ ረዳትነት ስሠራ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ለምን ጓጎለብኝ?» የሚል ነው፤ እኔም ደጋግሜ «በምን ውሃ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ፍሎራይድ፣ ማቅለሚያ ወይም ከባድ ብረት ከውሃ ለማውጣት የካርቦን ናኖ ቅንጣት ለሚሠሩ ወጣቶች ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የመረጋጋት ሙከራችሁን ቅንጣቱ ነገ በሚገባበት ውሃ ውስጥ አድርጉት። በዲስትልድ ውሃ የተገኘ ውጤት ስለ መንደሩ ጉድጓድ ምንም አይነግራችሁም።

ቅንጣቶቹ ለምን ይራራቃሉ፣ ለምንስ ይጣበቃሉ?

በግራፊን ኦክሳይድ ጠርዝ ላይ ያሉት የካርቦክሲል ቡድኖች ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅናቸውን ይለቁና ቅንጣቱን አሉታዊ ሙል (ቻርጅ) ያሸክሙታል። በዙሪያው አዎንታዊ አዮኖች ይሰበሰባሉ። ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ እነዚህ የአዮን ደመናዎች ይገፋፋሉ። በሌላ በኩል የቫን ደር ቫልስ ስበት አለ፤ እሱ የሚበረታው ቅንጣቶቹ በጣም ሲቀራረቡ ነው። የማን ጉልበት ያሸንፋል የሚለውን ስሌት ዴርያጊንና ላንዳው በ1941፣ ፌርዌይና ኦቨርቤክ ደግሞ በ1948 አውጥተውታል፤ በአራቱ ስም መነሻ ፊደላት ዲኤልቪኦ ይባላል (ዓመታቱ እዚህም ከዚህ በኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ለሥራችሁ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር የደመናው ውፍረት ነው። ውሃው 1 ሚሊሞላር (በሊትር አንድ ሺኛ ሞል) ሶዲየም ክሎራይድ ሲኖረው ደመናው ወደ 9.6 ናኖሜትር ይወፍራል። በ10 ሚሊሞላር ወደ 3 ናኖሜትር፣ በ100 ሚሊሞላር ወደ 1 ናኖሜትር ይወርዳል። ጨው በጨመራችሁ ቁጥር ደመናው እየሳሳ ይሄዳል፣ ቅንጣቶቹ ስበቱ ወደሚይዝበት ርቀት ይደርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም።

ሁሉም ጨው ግን እኩል አይደለም፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሹልትሰ በ1882፣ ሃርዲ በ1900 እንዳሳዩት ሁለት ሙል ያለው አዮን አንድ ሙል ካለው በብዙ እጥፍ ይበረታል። ቲዎሪው እስከ 64 እጥፍ ይላል። በካርቦን ላይ የታተሙ ልኬቶችም ይህን ይደግፋሉ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የምናኸም ኤሊሜሌክ ቡድን በ2006 ባሳተመው ሥራ ፉለሪንን (የኳስ ቅርጽ ያለውን ካርቦን) ለማጓጎል 120 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ሲያስፈልግ ከካልሲየም ክሎራይድ 4.8 ሚሊሞላር በቅቷል። በ2008 ደግሞ ለባለ ብዙ ግድግዳ ካርቦን ናኖቲዩብ 25 ሚሊሞላር ሶዲየም፣ 2.6 ካልሲየም፣ 1.5 ማግኒዢየም አግኝተዋል። ለግራፊን ኦክሳይድ በ2013 ከታተሙት ሁለት ሥራዎች አንዱ 44 ሚሊሞላር ሶዲየምና 0.9 ካልሲየም፣ ሌላው 188 ሶዲየምና 2.6 ካልሲየም ይላል። ልዩነቱ አያስደንግጣችሁ። የቅንጣቱ መጠን፣ የኦክሳይድ ደረጃውና የአለካኩ ዘዴ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ከጽሑፍ ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ወስዳችሁ ለራሳችሁ ቅንጣት አትስጡት፤ የራሳችሁን ለኩ።

ካልሲየም የሚበረታው በሙል ብዛቱ ብቻ አይደለም። ከካርቦክሲል ቡድን ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ የቅንጣቱን አሉታዊ ሙል ይቀንሳል፣ ሁለት ቅንጣቶችንም ሊያስተሳስር ይችላል። ስለዚህ በግራፊን ኦክሳይድ ላይ ብዙ ጊዜ ከማግኒዢየም ቀድሞ ያጓጉላል።

ውሃችሁን እወቁ

ናሙናውን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፉ ድረስ ሞልታችሁ ውሰዱ። ፒኤች እዚያው ቦታ ላይ ይለካ፤ የጉድጓድ ውሃ አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚለቅ ላቦራቶሪ ሲደርስ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) ለኩ፤ ጠቅላላ የጨዉን ብዛት በጥቂት ደቂቃ ይነግራችኋል። ግን በኮንዳክቲቪቲ ብቻ አትቁሙ። ሁለት ውሃዎች አንድ ዓይነት ኮንዳክቲቪቲ ኖሯቸው አንዱ ቅንጣቱን በትኖ ሊይዝ፣ ሌላው ሊያጓጉል ይችላል። የሚለያያቸው ካልሲየሙ ነው።

ካልሲየም ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በኢዲቲኤ ቲትሬት ማድረግ (አመልካቹ ቀለም እስኪቀይር ኢዲቲኤ እያንጠባጠቡ መለካት) በየትኛውም ላቦራቶሪ ይቻላል፦ በፒኤች 10 በኤሪዮክሮም ብላክ ቲ አመልካች የካልሲየምና የማግኒዢየምን ድምር፣ በፒኤች 12 እና 13 መካከል በሙሬክሳይድ ካልሲየምን ብቻ። ልዩነቱ ማግኒዢየም ነው። ከዚያ ወደ ሚሊሞላር ቀይሩት፦ በሊትር ያለውን የካልሲየም ሚሊግራም ለ40.1፣ የማግኒዢየሙን ለ24.3፣ የሶዲየሙን ለ23 አካፍሉ። የውሃው ጥንካሬ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ከተሰጣችሁ ለ100 አካፍሉት። በሚሊግራም ላይ ስትቆዩ ነገሩ አይታያችሁም። 120 ሚሊግራም ካልሲየም ትንሽ፣ 300 ሚሊግራም ሶዲየም ብዙ ይመስላል። ወደ ሚሊሞላር ሲቀየሩ ግን 3 እና 13 ይሆናሉ፤ የሚያጓጉለው 3ቱ ነው።

ቅንጣቱን ማዘጋጀት

ግራፊን ኦክሳይድ የምትሠሩት ሃመርስና ኦፍማን በ1958 ባሳተሙት ዘዴ ወይም በተሻሻለው ከሆነ፣ የውሃ ኬሚስትሪ ትምህርቱ ከእጥበቱ ይጀምራል። መጀመሪያ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስታጥቡ ቅንጣቱ እሺ ብሎ ይዘቅጣል፤ አሲዱና ጨዉ ደመናውን አሳስተውታልና። ቀጥላችሁ በዲስትልድ ውሃ ስትደጋግሙ ጨዉ እየወጣ ይሄድና ቅንጣቱ ያብጣል፣ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ በሴንትሪፊዩጅም መዝቀጥ እምቢ ይላል። ተማሪ እዚህ ሲደርስ አበላሸሁ ብሎ ይደነግጣል። ይህ የመንጻቱ ምልክት ነው፤ ደስ ይበላችሁ። ከዚህ በኋላ የቀረውን ጨው ለማውጣት ጨዉን አሳልፎ ቅንጣቱን የሚያስቀር ዳያሊሲስ ከረጢት መጠቀም ይሻላል። መብራት ጠፍቶ የዲስትልድ ውሃ ማሽኑ ከቆመ እጥበቱን በቧንቧ ውሃ አትጨርሱት። ጠብቁ። በእጥበት ላይ የገባ ካልሲየም በካርቦክሲሉ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ የተበረዘ ነው።

ስለዚህ ዘዴ አደጋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፐርማንጋኔትና ጥቅጥቅ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ሲገናኙ ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይፈነዳል። በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ብቻችሁን አትሥሩ።

የነጻውን ቅንጣት በሊትር 80 ሚሊግራም አድርጋችሁ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚበትን መሣሪያ) በትኑት። የሶኒኬተሩ ገንዳ እየሞቀ ስለሚሄድ በረዶ ጨምሩበት። ከዚያ አሳድሩትና ያልተበተነው ሻካራ ክፍል ሲዘቅጥ የላይኛውን ብቻ ቅዱ። ቀለሙ የጠለለ ጠጅ ይመስላል። በብርሃን ፊት ስታዩት የሚንሳፈፍ ነጠብጣብ ካለው አልተበተነም። ሶኒኬሽን ባበዛችሁ ቁጥር ቅንጣቱ ስለሚሰባበር የደቂቃውን ብዛት መዝግቡ፣ ለሁሉም ሙከራም አንድ ዓይነት አድርጉት።

የቱቦ ሙከራው

ሁለት የጨው ክምችት አዘጋጁ። የመጀመሪያው 1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ 58.44 ግራም ጨው አሟሙታችሁ 1 ሊትር ሙሉት። የገበታ ጨው አይሆንም፤ አዮዲን ይጨመርበታል፣ ካልሲየምና ማግኒዢየምም ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ የሶዲየምን ሥራ ለይታችሁ ለማየት ነው። ሁለተኛው 20 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ሁለት ሞለኪውል ውሃ ያለበት ዓይነት ከሆነ 2.94 ግራም፣ ውሃ የሌለበት ከሆነ 2.22 ግራም በሊትር ይገባል። የጠርሙሱን ልጣፍ ሳታነቡ አትመዝኑ። ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ክፍት ሆኖ የከረመ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

በእያንዳንዱ ቱቦ መጨረሻ ላይ 10 ሚሊሊትር ይኖራል። ለሶዲየም ከ1 ሞላሩ ክምችት 0፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 1 እና 2 ሚሊሊትር አድርጉ፤ 0፣ 10፣ 20፣ 40፣ 60፣ 100 እና 200 ሚሊሞላር ይሆናል። ለካልሲየም ከ20 ሚሊሞላሩ 0፣ 0.05፣ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2.5 ሚሊሊትር አድርጉ፤ 0፣ 0.1፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 3 እና 5 ሚሊሞላር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ጨዉን ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ በዲስትልድ ውሃ 5 ሚሊሊትር ሙሉት፣ አቀላቅሉ፤ በመጨረሻ 5 ሚሊሊትር ቅንጣት ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ያልቀጠነ ጨው ቅንጣቱ ላይ ብታንጠባጥቡ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ወዲያው ይጓጎላል፤ ቱቦው በአማካይ ዝቅተኛ ጨው ቢኖረውም ያ ጓል አይፈታም። ከዚያ ክዳኑን ዘግታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ገልብጡና አቁሙት። ከዚህ በኋላ ማንም አይንካው።

ከቱቦዎቹ ጀርባ ነጭ ወረቀት አቁማችሁ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ24 ሰዓት ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ያንሳ። በፎቶው ላይ የትኛው ቱቦ እንደጠለለና የትኛው እንደተበተነ በግልጽ ይለያል። ቀጥላችሁ ታችኛውን ሳታናውጡ ከላይኛው ክፍል በፒፔት ቅዱና በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙናው የሚይዘውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) በ230 ናኖሜትር ለኩ። ኩቬቱ (የናሙናው መያዣ) ኳርትዝ ይሁን፤ ብርጭቆ በዚህ ሞገድ ብርሃኑን ይይዛል። ንባቡ ከ1 በላይ ከወጣ ሁሉንም እኩል አቅጥኑ። ጨው በሌለበት ቱቦ ንባብ አካፍላችሁ በግራፍ አስቀምጡት። መስመሩ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት ይወርዳል። የሚወርድበት ቦታ የቅንጣታችሁ የመጓጎያ መጠን ነው።

ይህ ግምታዊ ቁጥር መሆኑን በጽሑፋችሁ ግለጹ። በትክክል የሚለካው የብርሃን ብተና መሣሪያ ባለበት፣ የቅንጣቱ መጠን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በምን ፍጥነት እንደሚያድግ በመከታተል ነው። ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ጊዜ በሰጣችሁት ቁጥር ዝቅ ባለ ጨውም ሊዘቅጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ያለ ሰዓቱ አትጻፉት፦ «በ24 ሰዓት፣ በሊትር 40 ሚሊግራም ቅንጣት» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን እውነተኛውን ውሃ አምጡ

የጨው ተከታታዩን ከጨረሳችሁ በኋላ ዲስትልዱን ውሃ በናሙናችሁ ተኩ። 5 ሚሊሊትር ናሙና ከ5 ሚሊሊትር ቅንጣት ጋር ሲደባለቅ ውሃው በግማሽ እንደሚቀጥን አትርሱ። ይህን ለመቀነስ ቅንጣቱን አወፍራችሁ 0.5 ሚሊሊትሩን በ9.5 ሚሊሊትር ናሙና ውስጥ ጨምሩ። ናሙናውን አስቀድማችሁ በ0.45 ማይክሮሜትር አጣሩ፤ ከተጣራው ጎን ያልተጣራም አቁሙ። በክረምት የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው ሸክላ አፈር ራሱ ከካርቦኑ ጋር ሊጓጎል ይችላልና ሁለቱን ካላነጻጸራችሁ የጨዉን ሥራ ከአፈሩ አትለዩትም። ቅንጣት የሌለበት የናሙና ቱቦም አይቅር፤ ናይትሬትና ከቅጠል የሚመጣ ቡናማ ንጥረ ነገር በ230 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይይዛሉ።

የሀገራችን ውሃ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሰባቸው ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ካልሲየምና ፍሎራይድ ተገናኝተው በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ፍሎራይት ስለሚሠሩ ካልሲየም ባለበት ፍሎራይዱ ብዙ ከፍ አይልም። ለእናንተ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብሎ ያስቀመጠውን የፍሎራይድ ወሰን ለማሟላት ናኖ ቅንጣት የምትበትኑበት ውሃ፣ ቅንጣቱን በትኖ የሚይዝ ውሃ ነው። ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጥልኛል ያላችሁት ካርቦን በማጣሪያው አልፎ ሰው ኩባያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ነገር ያሳስበኛል፤ ሙከራውን የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲያሳስበውም እፈልጋለሁ። መፍትሔው ቅንጣቱን ልቅ አድርጎ አለመበተን ነው፤ በአሸዋ ወይም በሌላ ጠንካራ ተሸካሚ ላይ አስሩት፣ ከዚያ በታከመው ውሃ ውስጥ ካርቦን መኖር አለመኖሩን በዚሁ በቱቦና በስፔክትሮፎቶሜትር ዘዴ ፈትሹ።

በኖራ ድንጋይ አገር፣ ለምሳሌ በድሬዳዋና በመቀሌ አካባቢ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ሳሙና አረፋ እምቢ የሚልበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ግራፊን ኦክሳይድን ሥራውን ሳይጀምር ሊያጓጉለው ይችላል። የተጓጎለ ቅንጣት ደግሞ የገጹን ስፋት ያጣል፤ በዲስትልድ ውሃ ያገኛችሁትን የመሳብ አቅም እዚያ አትጠብቁት። አብያታና ሻላ ሌላ ናቸው። ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ሶዲየማቸው ግን በመቶዎች ሚሊሞላር ስለሚቆጠር በብዛቱ ብቻ ያጓጉላል።

ፒኤች ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ከ4 በታች ስትወርዱ ካርቦክሲሎቹ ሃይድሮጅናቸውን መልሰው ስለሚይዙ ቅንጣቱ መጓጎል ይጀምራል። ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ጠጣር ውሃን ወደ 9 እና 10 ስታወጡት ካልሲየም ካርቦኔት ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል፣ ተማሪውም ካርቦኑ ጓጎለ ብሎ ይጽፋል። ዝቃጩ ላይ ጥቂት አሲድ አንጠባጥቡ፤ ከፈላና ከጠፋ ካርቦኔት ነበር። ፒኤች ለማጽናት የሚጨመረው ፎስፌት ባፈርም ከካልሲየም ጋር ስለሚዘቅጥ እዚህ አይሆንም።

የተፈጥሮ ብስባሽ ያለበት ውሃ

በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ጆርጂያ ከሚነሳው የስዋኒ ወንዝ በተወሰደ ቡናማ ውሃ ውስጥ ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ ከአንድ ወር በላይ ተበትኖ እንደቆየ አሳይቷል። ከብስባሽ ቅጠል የሚወጣው ሂዩሚክ ንጥረ ነገር ቅንጣቱን ይለብሰውና እንዳይነካካ ያደርገዋል። ብራና የሚጽፉ አባቶች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲሠሩ ሙጫ የሚጨምሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሙጫው የጥላሸቱን ቅንጣት ይለብሰዋል። ናኖ ቅንጣት የሌላቸው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በኩራዝ ጥላሸትና በግራር ሙጫ ይህን ማሳየት ይችላሉ፦ አንዱን ጥላሸት ከሙጫ ጋር አሽተው በውሃ ይበትኑ፣ ሌላውን ያለ ሙጫ፣ ጨው ይጨምሩባቸውና ተማሪው ራሱ ይየው።

ሂዩሚክ ሁልጊዜ ይበትናል ማለት ግን አይደለም። ካልሲየሙ ሲበዛ ሂዩሚኩን ራሱን እያያያዘ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ድልድይ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ጓሉ ሂዩሚክ ከሌለበት ይልቅ በፍጥነት ያድጋል። ስለዚህ የካልሲየም ተከታታዩን ሁለት ጊዜ ሥሩት፣ አንዴ በሊትር 5 ሚሊግራም ያህል ሂዩሚክ አሲድ ጨምራችሁ፣ አንዴ ሳትጨምሩ፤ በካልሲየም በኩልም ከ5 ሚሊሞላር አልፋችሁ ሂዱ፤ ድልድዩ የሚታየው እዚያ ነው።

ሲያልቅ

የተረፈውን ቅንጣት ወደ መታጠቢያ ገንዳ አትድፉት። በላዩ ላይ ካልሲየሙ 10 ሚሊሞላር እስኪሆን ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሩና አሳድሩት። ጠዋት ላይ ውሃው ጠልሎ፣ ካርቦኑ ከታች ተጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። ሂዩሚክ ወይም ሙጫ የነበረበት ቱቦ በዚህ ካልጠለለ አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹን ከ3 በታች አውርዱት። በማጣሪያ ወረቀት አጥሉት፤ ዝቃጩ እርጥብ እንደሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ፤ ደርቆ ከቦነነ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ የቅንጣቱን ስም፣ ቀኑንና የጨመራችሁትን ጨው ጻፉና አደገኛ ቆሻሻ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት።